ይሄ ቃል ደግሞ ከየት መጣ?

ቤትዎ ውስጥ ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ካለ፣ እራት ላይ ከሚያወራው ግማሹ እንደሚያመልጥዎት እገምታለሁ። «ሪዝ አለው»፣ «ኖ ካፕ»፣ «ይሄማ ብሬይንሮት ነው»። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው እንዳይሉ፣ እኛ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን የተማርነው እንግሊዝኛ እንዲህ አይልም።

የእኛም ቤት እንደዚሁ ነው። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። እናቴም የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ ልጆቹ «እማማ» ይሏታል። ባለቤቴ በአንድ ወቅት እራት ላይ እነዚህን ቃላት የሚከለክል ሕግ ሊያወጣ ምንም አልቀረውም ነበር። «ቃል እኮ አይደለም! ከሌላ ቃል ላይ ተቆርጦ የመጣ ቁራጭ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ከመከልከላችን በፊት አገራቸውንና ዘመዳቸውን እንጠይቅ አልኩ። ያገኘሁትን ላካፍልዎት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ«ሪዝ» እንጀምር። ሰውን በንግግርና በአኳኋን የመማረክ ችሎታ ማለት ነው። ካይ ሴናት የተባለ በኢንተርኔት ቀጥታ ስርጭት የታወቀ አሜሪካዊ ወጣት አስፋፋው፤ ኦክስፎርድ ደግሞ የ2023 የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው። «ካሪዝማ» ከሚለው ቃል መሃል ተቆርጦ የወጣ እንደሆነ ይታመናል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «አላልኳችሁም?» አለ። ይህን ያለው ግን ውሃ ሊያወጣ ፍሪጅ ከፍቶ ቆሞ ነው። «ፍሪጅ»ስ ቢሆን «ሪፍሪጀሬተር» ፊቱም ኋላውም ተቆርጦ የቀረው መሃሉ አይደል? «ባስ»ም ከላቲኑ «ኦምኒቡስ» የተረፈች ጭራ ናት። ሙሉ ቃሉ «ለሁሉም» ማለት ነበር፤ እኛ ሰልፍ ይዘን የምንጠብቀው ጭራዋን ነው።

«ካሪዝማ» ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ሥሩ ጸጋ፣ የተሰጠ በረከት ማለት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ ጸጋ አለው አትሉም ነበር?» አለች። ልጄ ሳቀችና «እማማ ሪዝ አላት» አለች። እናቴም ምርቃት መስሏት «አሜን» አለች።

አዲስ የሚመስለን ቃል ሁሉ አዲስ አለመሆኑም አስገርሞኛል። ልጆች በስልክ የሚጻጻፉበት «ኦኤምጂ»፣ ማለትም «ኦ ማይ ጋድ»፣ በ1917 የብሪታኒያው አድሚራል ሎርድ ፊሸር ለዊንስተን ቸርችል በላኩት ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ጸሐፊው ያኔ 76 ዓመታቸው ነበር! «ኦኬ» ደግሞ በ1839 አንድ የቦስተን ጋዜጣ ላይ በቀልድ የታተመ ምህጻረ ቃል ነው። በዚያ ዘመን ሆን ብሎ ፊደል እያሳሳቱ ማሳጠር ፋሽን ነበርና፣ «ኦል ኮሬክት»፣ ሁሉም ልክ ነው የሚለው፣ በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ አጠረ። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ የፕሬዝዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ደጋፊዎች፣ በትውልድ መንደራቸው ስም «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሏቸው ነበርና፣ ሁለቱን ፊደላት መፈክር አደረጓቸው። አጼ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 16 ዓመት በፊት የተወለደ ቀልድ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ስንቴ እንደሚነገር ያስቡት።

ያለፈ ጊዜ የወላጅ ተግሣጽ የሚመስለው «ብሬይንሮት»ም፣ የአእምሮ መበስበስ ማለት ነው፣ እንዲሁ ሽማግሌ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮው በ1854 ባሳተመው «ዋልደን» መጽሐፍ ውስጥ አለ። ኦክስፎርድ የ2024 ቃል አድርጎ መርጦታል። ልጆቻችን ቃሉን የሚሉት ራሳቸው በስልክ የሚያዩትን ከንቱ ቪዲዮ ነው። እኛ ልንቆጣቸው ያሰብንበትን ነገር እነሱ ስም አውጥተውለታል።

ምንም ትርጉም የሌለውም አለ። እጃቸውን እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ እያደረጉ «ሲክስ ሴቨን» ሲሉ ከሰሙ ትርጉም ፍለጋ አይድከሙ። ስክሪላ ከተባለ አሜሪካዊ ራፐር ዘፈን የወጣ ነው፤ ዲክሽነሪ ዶት ኮም የ2025 ቃል ብሎታል። ቁም ነገሩ ትልልቅ ሰዎች አለመረዳታቸው ነው።

አሁን ወደ ከበደው ልምጣ። ባለፈው ወር አንድ ማታ ልጄ ስለ ቅርብ ጓደኛዋ ስንጠይቃት፣ ቀና ሳትል «ጎስት አድርጋኛለች» ብላ መብላቷን ቀጠለች። «ጎስት» የሙት መንፈስ ነው። ለመልእክት መልስ ሳይሰጥ፣ ምክንያት ሳይናገር፣ እንደ መንፈስ ድንገት ከሰው ሕይወት የሚሰወርን ሰው እንዲህ ይሉታል። አነጋገሯ ቀላል ስለነበር ሊያልፈን ነበር።

እናቴ ግን «ምን አደረገችሽ?» ብላ ጠየቀች። ልጄ እያማተበች ላለመሳቅ በታገለ ፊት አስረዳቻት፤ መልእክት ትልካለች፣ ይነበባል፣ መልስ የለም፤ ሦስት ሳምንት ሆነ።

«አሃ» አለች እናቴ፤ «ዘጋችሽ በይኛ!»

የልጄ እጅ ቆመ። «አዎ፣ እማማ፣ ዘጋችኝ» አለችና እንባዋ መጣ። እንግሊዝኛው እንደ ቀልድ አለሳልሶ ይዞላት የነበረውን ነገር አማርኛው አወጣው። እናቴም በልጅነቷ አንዲት የጎረቤት ጓደኛዋ ዘግታት እንደነበር፣ ምክንያቱን እስከ ዛሬ እንደማታውቅ ነገረቻት። ያን ማታ ሳህኑ ሳይነሳ ብዙ ቆየን። ጓደኛዋ እስካሁን አልመለሰችም። ልጄ ግን ነገሩን ብቻዋን አልያዘችውም። ሕጉ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፏ አትወጣም ነበር።

ይህን ስል አማርኛው ይቅር ማለቴ አይደለም። ከአያቱ ጋር ሐሳቡን መጨረስ የማይችል ልጅ ብዙ ነገር ያጣል። ግን ማኪና፣ ካልሲ፣ ፌርማታ፣ ጎሚስታ የምንላቸውም ከጣልያንኛ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ዛሬ ባዕድነታቸውን የሚያስታውስ የለም።

ስለዚህ ቤታችን አሁን ሌላ ሕግ አለው። አዲስ ቃል ያመጣ ትርጉሙን ይዞ ይመጣል፤ የተቀረነው አማርኛውን እንፈልጋለን። ካገኘን ሁለቱም ይነገራሉ፤ ካጣን እንግዳው ይግባ። «ሴልፊ» በዚህ መንገድ ገብታለች። በ2002 አንድ አውስትራሊያዊ ኢንተርኔት ላይ የጻፋት፣ ቃልን አሳጥሮ በቁልምጫ የመጥራት የአገሩ ልማድ ያለባት ቃል ናት፤ እኛም ከእሷ የተሻለ አላገኘንም።

አንድ ምክር ልጨምር፤ ቃሉን ይጠይቁ እንጂ ራሳቸውን ለመምሰል አይጠቀሙበት። ባለቤቴ አንድ ቀን በኩራት «ኖ ካፕ»፣ እውነቴን ነው ማለት ነው፣ ብሎ ተናገረ። ልጃችን ያንን ቃል ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም።

ዛሬ እራት ላይ ይሞክሩት። የማያውቁትን ቃል ሲሰሙ «ምን ማለት ነው?» ይበሉና መልሱን እስኪጨርስ ይጠብቁ። ምናልባት ተራ ቀልድ ይሆናል፤ አብረው ይስቃሉ። ምናልባት ደግሞ ልጅዎ በሌላ መንገድ ሊነግርዎት ያልቻለው ነገር ይሆናል።