አብሽር

የግብዣው ወረቀት «የኪነ ጥበብ፣ የሳይንስና የሙዚቃ ምሽት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ»። ምሽቱ ጠራራ ፀሐይ ላይ የዋለው ማታ መብራቱ ስለማይታመን መሆኑን የነገረኝ የበሩ ዘበኛ ነው።

ጊዜው ወልድያ ገና የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያልነበራት ጊዜ ነው። የሄድንበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሩቅ ነው፤ ስሙ ይቆየን። እኔ ያኔ ቆቦ አስተማሪ ነበርኩ። ለምሽቱ የማሽላ ኤግዚቢሽን ከሮቢትና ከጎቢዬ የተመረጡ አራት ገበሬዎች ይዘህ ና ተባልኩና ይዤ ሄድኩ። አዳራሹ ፊት ለፊት ዳንቴል የለበሰ ሶፋ ተደርድሯል፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና ሃይላንድ ውኃ። ሶፋው የክብር እንግዶች ነው። የኛ ሰዎች ከኋላ፣ ድምፅ ማጉያው ሥር ተቀመጡ። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» በተባለ ቁጥር ከአራቱ በዕድሜ የሚልቁት፣ አያ ብቻ ልበላቸው፣ ዱላቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ።

የክብር እንግዳው እስኪመጡ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ሥራ የፈታ አእምሮ ይቆፍራል፤ ይህን አቀማመጥ ማን አመጣው እያልኩ መቆፈር የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ተማሪ ዩኒቨርሲቲውን «ግቢ» ይለዋል። ግቢ ገባሁ፣ ግቢ ናፈቀኝ ይላል። የድሮ ሰው ግን ግቢ ሲል ቤተ መንግሥት ማለቱ ነው። ስድስት ኪሎ ሁለቱም ነው፤ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር ደም ከፈሰሰበት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቤቱ ሲሰጥ ግብሩም አብሮ ተሰጥቷል። ግብር ላይ ሰው እንደ ማዕረጉ ይቀመጥ፣ ታናሹ ታላቁ በልቶ እስኪነሣ ይጠብቅ ነበር። አዝማሪው ከወደ በሩ ቆሞ ማሲንቆውን ይገዘግዝ ነበር። ጌታውን ፊት ለፊት ሸንቆጥ አድርጎ በሰላም ቤቱ የሚገባ እሱ ብቻ ነበር።

ልማዱ እንዲያውም ከቤቱ ቀድሟል። አራት ኪሎ በነበረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በዓመት አንዴ የኮሌጅ ቀን ይከበር ነበር፤ ንጉሡ ይገኛሉ፣ ተማሪ ግጥም ያነባል። እዚያው በ1953 ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የሚል ግጥም ይዞ ብቅ አለ። አዝማሪው ከበሩ ተነሥቶ መድረኩ መሀል ቆመ ማለት ነው። በ1959 ደግሞ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው የምንለው፣ «በረከተ መርገም»ን አመጣ። መንግሥት እንደ ድሮ ጌቶች ስቆ የሚያልፍ አልሆነም እንጂ ወጉ የአዝማሪ ወግ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል፤ ድሃው ይናገራል ሲባል ድሃው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ሙዚቃውም የመጣው በዚያው በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሃሊም ኤል-ዳብ የተባለ ግብፅ የተወለደ የሙዚቃ ደራሲ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ በየአገሩ ለየብቻው ይኖር የነበረው ሁሉ አንድ ላይ ተቀመጠ። ቆሞ የኖረ አዝማሪ ወንበር አገኘ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኋላ ተስፋዬ ለማ መራው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ድረስ ዘለቀ። ወሎዬ ነኝና ሳልመጻደቅ አላልፍም፦ ከዋነኞቹ አራት ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የኛው አገር ነው። ዜማ ልከናል።

የላክነው ዜማ ብቻ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎን፣ በተለይ የራያና ቆቦን ቆላ ሲፈጀው፣ መንግሥትም ነገሩን ሸፋፍኖ ሲቀመጥ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ስድስት ኪሎ ላይ ለእይታ አቀረቡ። ተማሪው አይቶ ተነሣ፤ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ሰዎቻችን ግቢ የገቡት እንዲህ ሆነው ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው። አሁንም አልተናገሩም።

እንግዲህ እኔ ይህን ስቆፍር የክብር እንግዳው መጥተው፣ ንግግር አድርገው፣ ሪባን ቆርጠው ወጥተዋል። ወደ ማሽላው ሄድን።

ከነአገዳው የቆመ ማሽላ፣ እያንዳንዱ ሥር በካርቶን የተጻፈ ስም። ነጭ ጋዋን የለበሰች ተማሪ በትሕትና ታስረዳለች። «ይኼኛው ጎቢዬ ይባላል።» የጎቢዬው ሰውዬ ዞር ብሎ «አቤት!» አለ። ሳቅን። «ይኼ ደግሞ አብሽር።»

አያ ደነገጡ። «ማን አዝኖ ነው?»

ልጅቱ ግራ ገባት። ወሎ ላይ አብሽር የሚባለው የታመመ፣ የጨነቀው፣ ሐዘን የገባው ሰው ነው፤ አይዞህ ማለት ነው። እኔ ገብቼ አስታረቅሁ። ሁለቱም ዝርያዎች ከወለንኮሚ የወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን ለመቋቋም ካደረጉት ምርምር የተገኙ ናቸው።

አቀንጭራን አያ በሐምራዊ አበባዋ ያውቋታል። የማሽላውን ሥር ተጣብቃ ትመጠምጠዋለች፤ ማሳው በቁሙ ይጠወልጋል። ልጅቱ ምስጢሩን ነገረቻቸው፤ የማሽላ ሥር አፈር ውስጥ የሚያፈስሰው ቅመም አለ፤ የአቀንጭራ ዘር ዓመታት ተኝታ ቆይታ የምትነቃው ያን ስታሸት ነው። እነ አብሽር ቅመሙን እምብዛም አያፈስሱም፤ ዘሯ እንደተኛች ትቀራለች።

አያ አሰቡበት። «ስለዚህ ዝም በማለቱ ነዋ የተረፈው።»

«እንደሱ ማለት ይቻላል፣ አባባ።»

«የኛ ጅጉርቲ ታዲያ ለፍላፊ ነው።» ቀጠሉና በዱላቸው ቁመቱን ለኩ። «ይኼስ ምነው አጠረ?»

«አጭር ቢሆንም ቶሎ ይደርሳል፤ ዝናቡ ቢቆረጥ እንኳ…»

«እሱስ ጥሩ። ላሚቱ ምን ትብላ?»

ጅጉርቲ በሚያዝያ ተዘርቶ ከሰው አናት በላይ የሚሄድ ማሽላ ነው። ፍሬው የሰው ነው፤ አገዳው የከብት መኖ፣ የጎጆ ክዳን፣ ማገዶ። ልጅቱ መልስ አልነበራትም፤ ግን ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈችው። ያን ቀን ግቢው ውስጥ የተጻፈ ቁም ነገር እሱ ነው ብል አልተሳሳትኩም። አያ በበኩላቸው አንድ አገዳ ቀጭ አድርገው ሰብረው ማኘክ ጀመሩ። «መንካት ክልክል ነው» የሚል ሰው እየሮጠ መጣ። «ሳይቀምሱ ነው እንዴ የሚያጠኑት?» አሉት፣ ከልባቸው።

ማሳረጊያው ሙዚቃ ነበር። ተማሪዎች የራያ ጭፈራ አቀረቡ። አያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ትከሻው ደኅና ነው፤ እግሩ የሌላ አገር ነው» አሉኝ። መሀል ላይ፣ በቀኑም አልታመነም፣ መብራት ጠፋ። ዘፈኑ ከሲዲ ነበርና ጭፈራውም ቀጥ አለ። ቆቦ ላይ በነሐሴ ለሶለል ጨዋታ የሚወጡ ልጃገረዶች ከበሮና ጭብጨባ እንጂ ሶኬት አያውቁም፤ ይህን ለአዘጋጁ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ጄኔሬተር ፍለጋ ሄዷል።

በማግስቱ አውቶቡስ ላይ አያ ከጎኔ ተቀመጡ። ሐራን አልፈን ወደ ወልድያ ስንቃረብ የፎጣቸውን ጫፍ ፈቱ። ከአብሽር ራስ ላይ የተፈለፈለ አንድ ጭብጥ የማይሞላ ፍሬ። ስንት እንደሆነ በጣታቸው እየለዩ ቆጠሩና መልሰው ቋጠሩት።

«ከጅጉርቲው ራቅ አድርጌ ነው የምዘራው» አሉ። «ወሬ እንዳያስተምረው።»