የእቴቴ ጉድጓድ

ባለፈው ግንቦት እኛ የሸገር ፎካሪዎች ስማዳ፣ እቴቴ ዘንድ ወረድን። ውሃ አቁረን ቆሮሶ ልናረባ፣ በዓሣው ውሃ ጎመን ልናለማ! እቴቴ ሳቁብን። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየጓሮው ጉድጓድ ያስቆፈረውን ዘመቻ አልረሱትማ፤ የእርሳቸው ውሃ አልያዘም ነበር።

3 ሜትር በ2፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ቆፈርን፤ 300 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይይዛል። 6 በ5 ሜትር ፕላስቲክ አነጠፍን። ሐምሌ ላይ ሞላ፣ ጨፈርን። በሳምንቱ ጎደለ። ለካ አንዲት ሹል ጠጠር ፕላስቲኩን በስታዋለች!

እቴቴ አልተቆጡም። ፕላስቲኩን አስነስተው መሬቱን በእጃቸው እየዳበሱ ጠጠር ለቀሙ፣ የተነፋ አፈር አለበሱት። ሕፃናት እንዳይገቡም ዙሪያውን በእሾህ አጠሩ። ቀዳዳውን ደፍነን መለስነው።

ጥቅምት ላይ ደወልን። «ጎመኑ ጠጥቷል» አሉን። ዓሣውስ? «መጀመሪያ ውሃው ይክረም፣ ልጆቼ።»