ስለ ሴቶች ስውር ሕመም

ሰው በዓይኑ ለሚያየው ቍስል ፈጥኖ ይራራል፤ በሆድ ውስጥ ለተሰወረው ግን ምስክር ይጠይቃል። ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ምስክር ስላጣ ሕመም ነው። ሐኪሞች ኢንዶሜትሪዮሲስ ይሉታል። የማሕፀንን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍነውን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ፥ በእንቍላል ማፍሪያው፥ በአንጀትና በፊኛ አጠገብ ይበቅላል፤ ልማደ አንስት በመጣ ቍጥርም ያብጣል፥ ይደማል። ደሙም መውጫ ስለሌለው ያቈስላል፥ የሆድ ዕቃንም እርስ በርሱ ያጣብቃል። ሳምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. ሕመሙ የወር ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሆድ ሲፈስ የሚመጣ ነው ብሎ ጻፈ፤ ነገር ግን ይህ በብዙ ጤነኞች ሴቶችም ስለሚሆን ሙሉው ምክንያት እስከ ዛሬ አልታወቀም። የዓለም የጤና ድርጅት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች ከመቶው 10 ያህሉ፥ ይኸውም 190 ሚሊዮን የሚሆኑቱ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገምታል።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት በእኅቴ ልጅ ነው። በመቂ ከተማ መምህርት ናት። ከ15 ዓመቷ ጀምሮ በየወሩ ሦስትና አራት ቀን ትተኛ ነበር። እናቶች «ስትወልጂ ይተውሻል» አሏት፤ አገባች፥ ነገር ግን አልወለደችም። በጠበል ሰነበተች፤ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃም ወረደች፤ ሙቀቱ ለጥቂት ቀን አስታገሰላት እንጂ አላዳናት። በጋብቻዋ በስምንተኛው ዓመት ባሏ ሊፈታት አሰበና ነገሩ አዳማ ከቤቴ በሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ከመካከላችን አንዱ «ሕመሙ ከሥራ መሸሻ እንዳይሆን» ቢል፥ «አባቶቼ፥ የጨነቀኝ አለመውለዴ ብቻ አይደለም፤ ጠመኔ ይዤ ከልጆቹ ፊት መቆም አቃተኝ» አለች። እኔም የካህኑን የዔሊን ነገር አነሣሁ። ሐና ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አይቶ የሰከረች መሰለችው፤ የልቧን ኀዘን በነገረችው ጊዜ ግን መርቆ ሰደዳት። ስለዚህ ፍርዱን አቈይተን ባልና ሚስት አብረው ወደ ሐኪም እንዲሄዱ አደረግን።

ሐኪሙም በአልትራሳውንድ አይቶ በእንቍላል ማፍሪያዋ ላይ አሮጌ ደም የቋጠረ ዕጢ አገኘ። ባልዬውም ሚስቱ ያልዋሸች መሆንዋን በዚያ ቀን አየ። መድኃኒቱ ሕመሙን የሚያስታግስ እንጂ ፈጽሞ የሚነቅል አይደለም፤ የማስታገሻ ኪኒን፥ የሆርሞን እንክብል፥ ሲብስም ቀዶ ሕክምና ነው። እንክብሉ በሚወሰድበት ወራት ግን ፅንስ አይያዝም። ስለዚህ ልጅ ይቅደም ወይስ ዕረፍቷ ይቅደም የሚለውን ሁለቱ መክረው መምረጥ ነበረባቸው። ባሏም ብዙ ዝም ብሎ ቈይቶ «እስቲ መጀመሪያ ትተኛልኝ፤ ሌሊቱን ስታቃስት እኔም አልተኛሁም» አለ። ዛሬ ልጅ የላቸውም፤ ሕመሙም ጨርሶ አልለቀቃትም። ነገር ግን በወር ከአንድ ቀን በላይ ከትምህርት ቤት አትቀርም፤ ትዳሩም ቆሟል።

ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፤ በአዳማም ሆነ በሞጆ፥ በባቱም ሆነ በወንጂ በልማደ አንስት ወራት ከቅጽር ውጭ ቆመው የሚያስቀድሱትን እናያለን። ከእነርሱም መካከል ዘወትር የሚቀሩ፥ ከአልጋ የሚውሉ አሉ። ለባሏ ወይም ለአማቷ የማትናገረውን ለንስሓ አባቷ የምትናገር ብዙ ናት። እንግዲህ «የሴት ዕጣ ነው» ብለን አንመልሳት፤ በወር ስንት ቀን እንደምትተኛ እንጠይቃት። ጠበሉን ሳናስተው ወደ ሐኪም እንስደዳት፤ መጽሐፈ ሲራክ ስለ ሐኪም ክብር ያስተማረውን ሁላችን እናውቃለንና። በጾም ቀን መድኃኒት መውሰድ ብትፈራ ለሕሙማን የተፈቀደውን እንንገራት። የምትታመምባቸውንም ቀናት በደብተር ጽፋ ለሐኪሙ ታሳየው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ምስክር አትጠየቅም።