የቤንዚን ሽታ

አባቴን ግላኮማ ዓይናቸውን ከጋረደባቸው ወዲህ ቮልሳችን በግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሳ ዓመታት ተቀመጠች። ሸራውን የገለጥሁት፣ ማየት ባይችሉ እንኳ አንድ ጊዜ በእርሷ እንዲሄዱ ስለ ተመኘሁ ነው። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ሳልባትዮዋ ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ ቤንዚኑ በወለሉ መካከል በተዘረጋ ቀጭን ቧንቧ ከፊት ወደ ኋላ ይጓዛል። 40 ሊትር ገደማ ይይዝ የነበረው ሳልባትዮ ግን ዝገት በልቶት ወንፊት ሆኖ ነበር።

ሶማሌ ተራን ሳስስ ሰነበትሁ። ያገኘኋቸው ሁሉ ከእኔው የባሱ ነበሩ። «እንግዲያው የእኔው ይበየድልኝ» ብዬ ወደ አንድ ሽማግሌ በያጅ ወሰድሁት።

«ባዶ ነው ብለህ ነው? እንዲያውም ሙሉው ይሻል ነበር» አሉኝ።

የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው፤ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አንዲት ፍንጣሪ ይጠብቃል። ስለዚህ ከላሜራ ቆርጠው አዲስ ሠሩልኝ። በሆዱ ውስጥ ቤንዚኑ በየመታጠፊያው እንዳይናጥ ቀዳዳ ያለው መከፋፈያ አስገቡ። ብየዳውን የሳሙና አረፋ ቀብተው ጥቂት አየር ነፉበት፤ አረፋው ኩፍ ያለበትን እየፈለጉ ደግመው በየዱ። በመጨረሻም ከላይ ቀጭን የአየር ቧንቧ ተከሉለት። «ካልተነፈሰ አይሰጥም» አሉ። ይህችን ቃል በኪስ ማስታወሻዬ ጻፍኋት፤ የግጥም አመል አይለቅም።

ቱቦውን ግን ራሴ ገዛሁ። ኪሴ ሳስቶ ነበርና ለቤንዚን የተሠራውን ትቼ ርካሹን የውሃ ቱቦ አስቆረጥሁ። ባንክ ቤት በአንድ ብር ጉድለት የማመሽ ሰው!

እሑድ ጠዋት አባባን ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። ማርሽ ስቀይር ብቻ ሰምተው ወደ እንጦጦ እየወጣን መሆኑን ዐወቁ፤ ፊታቸው በራ። ጥቂት እንደ ሄድን፦

«አቁም።»

«ምነው አባባ?»

«ቤንዚን ይሸተኛል።»

«አዲስ ስለ ሆነ ነው…»

«አቁም አልሁህ!»

የሞተሩን ክዳን ስከፍት፣ ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የምትሄደው ቱቦ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ልፍስፍስ ብላለች። ብልጭታውን ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቡተር ጥቂት ጣቶች ራቅ ብሎ ቤንዚን ጠብ… ጠብ… ይላል። እኔ ቤት ያልመታ ስንኝ ስንት ጊዜ አሳልፌያለሁ፤ በዚያ የሚቃጠል ሰው የለም።

«ምን ሆና ነው?» አሉ አባባ፣ እኔ ወደሌለሁበት አቅጣጫ እያዩ።

«ማሰሪያው ላልቶ ነው» አልሁ።

ዝም አሉ። ከዚያም እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ትከሻዬን ይዘው ቁልቁለቱን በእግራችን ወረድን።

ሰኞ ከሥራ እንደ ወጣሁ ትክክለኛውን ቱቦ ገዝቼ የፊቱንም የኋላውንም ቀየርሁ። እውነቱን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም። አሁን ከመሳፈራቸው በፊት በከዘራቸው እየዳሰሱ ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። እስኪጨርሱ ድረስ ቁልፉን አላዞርም።