ትንሿ መኪና፣ የካቲት 2017

የካቲት 9፣ እሑድ
ጠዋት ብርድ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ንፋስ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ኮብልስቶኑ ላይ አወጣኋት። ቀጥ ብላ አትሄድም። ሪሞቱን ሳልነካው የፊት ጎማዎቿ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣሉ። ጥግ ድረስ ሲጠመዘዙ ግን ጸጥ ይላሉ። ይሄ ነው ያልገባኝ። የመሪው ማርሽ ጥርስ ተበልቶ ቢሆን ሁሉም ጋ አይንቀጠቀጥም ነበር? ወይስ ጥርሱም የሚበላው መሀሉ ላይ ነው?

ባቡሩ ሲያልፍ የሚብስ መስሎኝ ጉርድ ሾላ ፌርማታ አጠገብ ይዣት ቆምኩ። አለፈ። ለውጥ የለም። ሪሞቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ መጠርጠሩም ትርፍ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ
መብራት የለም። የፊት ጎማዎቹን የሚጠመዝዘውን ሰርቮ በስልክ መብራት ፈታሁት። አራት ረጃጅም ብሎኖች፣ አንዱ ካቻቢቴውን እያንሸራተተ አስቸገረኝ። ተራ የብረት ጥርስ ሰርቮ፣ 55 ግራም። ጥርሶቹ ደህና ናቸው። የበፊቱ የፕላስቲክ ነበር፤ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ስትጋጭ ጥርሱ ተላጨ። ይሄኛው ምንም አልሆነም። ግራሶው ብቻ ጠቁሯል፣ በጣት ሲሹት አሸዋ አሸዋ ይላል። ዘንጉ በሚወጣበት በኩል አቧራ የሚከለክል ጎማ የለውም፤ የዚህ ሰፈር አቧራ ደግሞ ልመና አይፈልግም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ
ሳጥኑ ላይ በ6 ቮልት 11 ኪሎ ይላል፣ አንድ ሳንቲሜትር ክንድ ላይ ማለት ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞልቼ 4 ሳንቲሜትር ላይ ሰቀልኩበት። 8 ገደማ መሆኑ ነው። አነሳው። እንደያዘ ተውኩት። ቡናው ሳይፈላ ጋለ፣ ክንዱ ዝቅ ማለት ጀመረ። ደክሞ ነው? ወይስ አዲሱም እንዲሁ ነው? የማወዳድርበት አዲስ የለኝም።

የካቲት 17፣ ሰኞ
ጾም ገባ። ማታ ሽሮ።

የታችኛው ጋራዥ ሰውዬ፣ «የትልቁም መኪና መሪ የሚላላው መሀሉ ላይ ነው። ሰው የሚነዳው ቀጥታውን ነዋ። መሀሉን ብታጠብቀው ሲጠመዘዝ ያንቅሃል» አለኝ። የራሱን እያወራ ነበር፤ የኔን አላየውም። ግን ሌሊቱን አሰብኩበት።

ሰርቮው ቦታውን የሚያውቀው ከዘንጉ ጋር በሚዞር ፖቴንሽዮሜትር ነው። የካርቦን መንገድ፣ በላዩ የሚንሸራተት ቀጭን ብረት። ትእዛዙ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመጣል፤ 1.5 ሚሊሰከንድ ከሆነ «መሀል ቁም» ማለት ነው። መኪናዋ ቀጥታ ስትሄድ ብረቱ እዚያው መሀሉ ላይ ያሻል። ካርቦኑ እዚያ ካለቀ የቆመበትን አያውቅም፤ ይፈልጋል፣ ያልፈዋል፣ ይመለሳል። ጥጉ ላይ ካርቦኑ ገና ነው። ከሆነ ነው እንጂ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ
ፖቴንሽዮሜትሩ ላይ የማጽጃ ስፕሬይ ነፋሁበት። ትንሽ ተሻለው፣ ማታ ተመለሰበት።

ክንዱን አውጥቼ በአንድ ጥርስ አዛውሬ መለስኩት። ዘንጉ 25 ጥርስ ነው፤ አንዱ 14 ዲግሪ ከምናምን ይመጣል። ጎማዎቹን በሪሞቱ ማስተካከያ ወደ መሀል መለስኳቸው። አሁን ብረቱ የሚቆመው ያልተነካ ካርቦን ላይ ነው። ጸጥ አለች! ወደ ቀኝ ግን እንደ ድሮው አትታጠፍም፤ በዚያ በኩል የነበረውን ትርፍ ለመሀሉ ሰጠሁት።

የካቲት 23፣ እሑድ
ዓድዋ። ልጆቹ በነጭ ልብስ፣ ባንዲራ ይዘው። «ጋሼ፣ ዛሬ አያወጧትም?» አወጣኋት። ቀጥታው ላይ ያማረች። የቀኝ መታጠፊያ ላይ ሰፍታ ሄዳ ቦይ ዳር ደረሰች፣ በእግሬ ያዝኳት። ልጆቹ ሳቁ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ
ደመና፣ ዝናብ ግን የለም። ማታ ባትሪው ሲደክም መሀሉ ላይ እንደገና ትንሽ ተንቀጠቀጠች። እንግዲህ ካርቦኑ ነው ወይስ የሚደርሰው ቮልት ማነስ? ምናልባት ሁለቱም። ቅዳሜ ሰርቮውን ለብቻው ከሌላ ባትሪ ጋር አገናኝቼ አያለሁ። ገመድ መዋስ አለብኝ።