ቦዲ፦ ወርቁ አልቆ ቤቶቹ የቀሩባት ከተማ

በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ግዛት፥ ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች በስተምሥራቅ፥ ቦዲ የምትባል ጥንታዊ የወርቅ ከተማ ትገኛለች። ወደ እርስዋ ከሚወስደው መንገድ የመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት የሌለው ኮረኮንች ነው። ጎብኚው ዛፍ የማይታይባቸውን ኮረብታዎች አልፎ ሲደርስ፥ በፀሐይና በውርጭ ብዛት የጠቆሩ የእንጨት ቤቶች በሜዳው ላይ ተበታትነው ያያል። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ 2,550 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው በሐምሌም ቢሆን ሌሊቱ ይበርዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ይረዱልን።)

ከተማዪቱ ስምዋን ያገኘችው ወርቅ ፍለጋ ከኒው ዮርክ ግዛት ከመጣው ከደብሊዩ ኤስ ቦዲ ነው። ይህ ሰው በ1859 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር በዚያ አካባቢ ወርቅ አገኘ፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ፥ ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ የበረዶ ዐውሎ ነፋስ ይዞት በመንገድ ሞተ። ካገኘው ሀብት አንዳች አልቀመሰም። የስሙ ፊደል እንኳ በኋላ ተለውጦ ነው ለከተማዪቱ የተሰጠው፤ ይህንም ያደረገው የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ነው ይባላል። ከ20 ዓመት በኋላ ዐፅሙ ተፈልጎ በክብር ተቀበረና ሐውልት ይቁምለት ተባለ። ሐውልቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን በ1881 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በሰው እጅ ተገደሉ፤ የከተማው ሰዎችም ሐውልቱን ለፕሬዚዳንቱ መታሰቢያ አደረጉት። ዛሬም በመቃብሩ ሥፍራ ቆሞ የሚታየው የጋርፊልድ ሐውልት ይኸው ነው። ወርቁን ያገኘው ሰው ያለ ሐውልት ቀረ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቦዲ ጥቂት ሰዎች የሚኖሩባት መንደር ነበረች። በ1875 ዓ.ም. አንድ የማዕድን ጉድጓድ ተንዶ ብዙ ወርቅ ያለበት ድንጋይ ሲገለጥ ግን ወሬው በየአገሩ ተሰማ፤ ሕዝቡም ይጎርፍ ጀመር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የነዋሪው ቁጥር ከ7 ሺህ እስከ 10 ሺህ እንደ ደረሰ ይገመታል። መጠጥ ቤቶቹ 65 ያህል ነበሩ ይባላል፤ ለማዕድን ቆፋሪ የቀኑ ደመወዝ 4 ዶላር ነበርና ይህ ሁሉ መጠጥ ቤት ከየት እንደ ኖረ ለመገመት አያዳግትም።

የሚያስደንቀው እንጨት በሌለበት አገር የእንጨት ከተማ መሠራቱ ነው። ቤቱ ከእንጨት፥ የጉድጓዱ ድጋፍ ከእንጨት፥ ድንጋዩን የሚወቅጠው መኪና የሚነዳውም በእንጨት እሳት ነበር። ስለዚህ በ1881 ዓ.ም. ከሞኖ ሐይቅ በስተደቡብ ካለው ደን 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምድር ባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ይህ ባቡር ከሌላ ከማንኛውም ሐዲድ ጋር ሳይገናኝ፥ እንጨት ሲያመላልስ ኖሮ በመጨረሻ ተነቀለ። የማገዶው ወጪ ስለ ከበደም በ1892 ዓ.ም. 21 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቅ ወንዝ የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦ እንዲመጣ ተደረገ። ኤሌክትሪክ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ስቶ እንዳይወጣ ተፈርቶ ሽቦው በቀጥታ መሥመር ተዘረጋ ይባላል። ዛሬ ያስቃል፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜ ይህን ያህል ርቀት ኃይል ያስተላለፈ እጅግ ጥቂት ነበር።

የወርቁ ጊዜ አጭር ነበር። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙዎቹ ሌላ የማዕድን ወሬ ሰምተው ሄዱ። በ1932 ዓ.ም. የተነሣው እሳት የንግዱን ሠፈር አብዛኛውን በላ፤ በ1942 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት የወርቅ ማዕድን ሥራ እንዲቆም መንግሥት ስላዘዘ ቁፋሮው ተዘጋ። ብዙውን መሬት የያዘው የኬን ቤተ ሰብ ዘራፊ እንዳይነካው ዘበኛ ቀጥሮ ባያስጠብቅ ኖሮ ዛሬ የሚጎበኝ ነገር ባልተገኘም።

ካሊፎርኒያ ቦዲን በ1962 ዓ.ም. ታሪካዊ ፓርክ ባደረገች ጊዜ የተመረጠው የአጠባበቅ ዘዴ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቤቶቹ አይታደሱም፤ እንዲፈርሱም አይተዉም። ጣራው ሲያፈስ ይደፈናል፥ መስኮቱ ሲሰበር ይተካል፥ ያዘመመው ግድግዳ ይደገፋል፤ ቀለም ግን አይቀባም፥ በውስጥ ያለው ዕቃም አይስተካከልም። በመስኮት ለሚመለከት ሰው ጠረጴዛው፥ አልጋው፥ የመደብሩ ሸቀጥ አቧራ ለብሰው ይታዩታል። በእኔ አስተያየት ይህ ከማደስ ይልቅ የሚከብድ ሥራ ነው፤ ሠራተኛው እጁን የት ላይ ማንሣት እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታልና። እንዲህ የቆሙት ቤቶች ከመቶ ይበልጣሉ፤ ከቀድሞዋ ከተማ ጋር ሲመዛዘኑ ግን ከሃያ አንድ እጅ ያህል ብቻ ናቸው።

ወርቁ ካለቀ ወዲህ የሚሰረቀው ምስማርና የጠርሙስ ስባሪ ነው። ከቦዲ አንዳች የወሰደ ሰው መጥፎ ዕድል ይከተለዋል የሚል ወሬ አለ፤ ወሬውን የፈጠሩት ጠባቂዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ፥ የወሰዱትን ምስማር ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ የሚመልሱ ጎብኚዎች አልጠፉም፤ ከደብዳቤዎቹም ጥቂቶቹ በከተማዪቱ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታይተዋል። አንድ ምስማር ከየትኛው ቤት እንደ ተነቀለ ግን በደብዳቤ አይታወቅም፤ ስለዚህ ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም።

በበረዶው ወራት መንገዱ ለመኪና ስለሚዘጋ ወደ ቦዲ በበረዶ መንሸራተቻ የሚሄዱ አሉ። በዚያን ጊዜም ቢሆን ጥቂት ጠባቂዎች በአሮጌዎቹ ቤቶች እየኖሩ ይጠብቋታል።