እርጥቡ ከሥር ነበር

ዛሬ የምናወራው ስለ ጣውላ ነው። ቤቱን ሊያድስ ያሰበ ሰው፣ በተለይ እንደኛ ዝናብ በማያጣው ወለጋ የሚኖር ከሆነ፣ ቢያነበው ይጠቅመዋል ኢንሻአላህ።

እናታችን ነቀምት ውስጥ ባለው አሮጌ ቤታችን ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ስለሚያማት በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ሱጁድ ማድረግ ከበዳት። እኛ ልጆቿ ተመካክረን የክፍሏን ወለል ጣውላ ልናለብሰው ወሰንን፤ ጂዳ ያለው ወንድማችን ገንዘቡን ላከ። የ2016ቱ አረፋ ሰኔ 9 ነበርና ከዚያ በፊት እናድርስ ብለን ግንቦት ላይ ጀመርን። የተሰነጣጠቀው ሊሾ ተፈንቅሎ አዲስ ፈሰሰ። በ9ኛው ቀን የባሕር ዛፍ ጣውላ ተጭኖ መጣ። ዋንዛ ቢሆን ይሻል ነበር፣ እንደ ባሕር ዛፍ አይጣመምም፤ ግን በሕጋዊ መንገድ የተቆረጠ ዋንዛ በቀላሉ አይገኝም፣ ዋጋውም አይቀመስም።

አናጢው አዛውንት ሥራ ሳይጀምሩ "ሊሾው መቼ ፈሰሰ?" ብለው ጠየቁን።

"ቆይቷል አባባ" አልናቸው።

ለአረፋ ደረሰ። የመጣው እንግዳ ሁሉ ማሻአላህ አለ። ክረምቱንም ምንም አልሆነም። ኅዳር ገብቶ አየሩ ሲደርቅ ግን በጣውላና በጣውላ መሃል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መጣ፤ ግራና ቀኝ ጠርዞቹ ወደ ላይ ተነስተው እያንዳንዱ ጣውላ እንደ ገንዳ ጎበጠ። ታኅሣሥ ላይ እናታችን ለሱብሒ ስትነሳ ጠርዙ እግሯን ያዛትና ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፣ አልሐምዱሊላህ፤ የእጇ አንጓ ግን ለሳምንታት ታስሮ ቆየ።

ንዴታችን በጣውላ ሻጩ ላይ ሆነ። በመድረሳ ለልጆች የምናስተምረው ታሪክ አለ፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ ሆኖ ያገኙት። ይህንኑ ይዘን ሄድን። ሻጩ "እርጥብ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር?" አለን። ለሰፈሩ ሁሉ አታላይ ነው አልን፤ ጂዳም ደውለን ነገርን።

ምስክር ይሁኑን ብለን አናጢውን ጠራናቸው። አንዱን ጣውላ ነቅለው ገለበጡት። ከሥሩ ጠቁሮ ሻግቷል። መዳፋቸውን ሊሾው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ።

"ይሄ ሊሾ መቼ ፈሰሰ ነበር ያላችሁኝ?"

እርስ በርሳችን ተያየን።

እሳቸውም አልተቆጡም። "የለቀምት ቡና እያላችሁ በምትኮሩበት አገር፣ ያልደረቀ ቡና ጆንያ ውስጥ ትከታላችሁ?" አሉን። ከዚያ አስረዱን። እርጥብ እንጨት መጀመሪያ የሚለቀው በቀዳዳዎቹ ያለውን ውሃ ነው፤ ያኔ መጠኑ አይለወጥም። ውሃው ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው መኮማተር የሚጀምረው። ለዚህ ነው ክረምቱን ሙሉ ደህና የመሰለን። የሚኮማተረውም በወርዱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም ማለት ይቻላል። ላዩ በበጋ አየር ሲደርቅ ሥሩ ከሊሾው እርጥበት እየጠጣ ነበር፤ የደረቀው ጎን አጠረ፣ ጠርዙን ወደ ላይ ሳበው። ሻጩ እርጥብ መሆኑን መናገር ነበረበት፣ በዚህ አንከራከርም። የሊሾው ውሃ ግን የኛ ነው።

አሁን እሳቸው እንዳሉን እየሠራን ነው። ሊሾ ለየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረቱ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል፣ በዝናብ ወራት ከዚያም በላይ። ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ገና ነው። ሲደርቅም ሞራሌው ከመደርደሩ በፊት ሙሉ ላስቲክ ይነጠፋል፤ ሞራሌው ራሱ እርጥብ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። ጣውላው ጥላ ሥር፣ አየር እንዲያልፍ በየመሃሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ተደርገው ይደረደራል፤ ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ ቀለም ይቀባሉ፣ ከላይ ድንጋይ ይጫናል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ያጣምመዋል። ከመመታቱ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት እዚያው ክፍል ውስጥ ይከርማል። ቫርኒሹ ከሥርም ከላይም ነው፤ እኛ ላዩን ብቻ ነበር የቀባነው። በበጋ የደረቀ ጣውላ ሐምሌ ላይ ማበጡ ስለማይቀር ከግድግዳው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቃል፤ ክፍተቱን ዘኮሎው ይሸፍነዋል።

አዲሱን ጣውላ የገዛነው ከዚያው ሰው ነው፤ አሁን እርጥብ መሆኑን አውቀን። ከአንዱ ጣውላ ቁራጭ ቆርጠን፣ ጫፎቹን ቀለም ቀብተን ክምሩ መሃል አስቀመጥን፤ በየሳምንቱ ጎረቤታችን ያለው ቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ እንመዝነዋለን። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ወደ ቤት ይገባል። እናታችን በየጁምዓው "ገና ነው?" ትለናለች። ገና ነው።

ሻጩን ሄደን አፉ በለን ብለነዋል። ጂዳ ያለው ወንድማችን ግን አሁንም የሚያውቀው በስልክ የነገርነውን ነው። ይህን ገጽ ይከታተላልና እዚህ ላይ ያነበዋል።